የ12 ቀኗን ጨቅላ ያተረፉት ሐኪም

አዲስ የተወለደ ልጅ አረፋማ ለሃጭ ሲያዝረበርብ፣ ጡት እንደቀመሰ ትን ብሎት ሲስልና ከንፈሩ ሲጠቁር ብታዩ ምን ታስባላችሁ? ብዙ ቤተሰብ ብርድ መትቶት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሐኪሞች ግን ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች አንዱ የምግብ ቧንቧው ሳይገናኝ መወለዱን ነው። ችግሩ በግምት ከ2500 እስከ 4500 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል። በአብዛኞቹ የላይኛው የቧንቧ ጫፍ እንደ ከረጢት ተደፍኖ ይቀራል፤ የታችኛው ደግሞ ከአየር ቧንቧ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። በዚህም የተነሳ ምራቁም ወተቱም ወደ ሳንባ ይገባል፤ የጨጓራ አሲድም ከታች ወደ ሳንባ ይወጣል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ጊብሰን ይህን እክል እ.ኤ.አ በ1697 በጽሑፍ ገልጸውታል። ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ለእነዚህ ሕፃናት መዳኛ አልተገኘላቸውም። ይህን ታሪክ ከቀየሩት ሰዎች መካከል በቀዶ ሕክምናው ዓለም ስማቸው የታወቀው ዶክተር ካሜሮን ሄይት ናቸው።

ሄይት እ.ኤ.አ በ1901 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ተወለዱ። በ1926 ከሃርቫርድ በሕክምና ተመርቀው ቆየት ብለው ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። እዚያ የደረት ቀዶ ሕክምናን የሚመሩት ዶክተር ጆን አሌክሳንደር ነበሩ። አሌክሳንደር ራሳቸው በቲቢ ታመው የተኙ፣ ስለ ሳንባ ቲቢ ቀዶ ሕክምና የሚናገረውን ታዋቂ መጽሐፋቸውንም በሕመም አልጋ ላይ ሆነው ያዘጋጁ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ መምህር ስለ ማገገም የሚያስተምረው ከንባብ ያገኘውን ብቻ አይመስለኝም። ሄይት በ1932 አንድን ሳንባ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና በማውጣት ከዓለም ቀዳሚዎች ተርታ ገቡ።

የምግብ ቧንቧው ሳይገናኝ በተወለደ ሕፃን ላይ የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምናቸውን ያደረጉት በ1935 ነው። ሆኖም ሁለቱን ጫፎች በአንድ ጊዜ አገናኝቶ ልጅ ማትረፍ ለማንም አልተሳካም ነበር። በ1939 ሎጋን ሌቨን በሚኒሶታ፣ ዊሊያም ላድ ደግሞ በቦስተን ልጆችን ማትረፍ ቢችሉም መንገዳቸው ረጅም ነበር። ልጁን በሆዱ በኩል እየመገቡ ያቆዩታል፤ ኋላ ላይ ከደረት ቆዳ ሰው ሠራሽ የምግብ መተላለፊያ ይሠሩለታል።

መጋቢት ወር 1941 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሄይት የ12 ቀን ዕድሜ ያላትን ሴት ልጅ ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። የሳንባውን ሽፋን ሳይከፍቱ ገብተው ሁለቱን ጫፎች ሰፉ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ስፌቱ አፈሰሰ። እንደገና አልከፈቷትም፤ እየተንከባከቡ ጠበቁ፤ ፍሳሹም በራሱ ዳነ። ቆይቶ የተሰፋው ቦታ ጠበበ፤ አንድ ጊዜ አሰፉላት፤ ተሻላት። ልጅቷ ወደ ቤቷ የሄደችው ሆስፒታል ውስጥ 20 ወር ከቆየች በኋላ ነው።

ሃያ ወር! ያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና ለሐኪሞች አልደረሰም፤ ለጨቅላ የሚሆን የመተንፈሻ መሣሪያም፣ በደም ሥር የሚሰጥ የተሟላ ምግብም አልነበረም። ስለዚህ ከስፌቱ እኩል ያተረፋት የነርሶቹና የሐኪሞቹ ክትትል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሄይት ስለ ሥራው በ1943 የጻፉትም ከሕፃናት ሐኪሙ ሃሪ ታውስሊ ጋር ሆነው ነው። በ1954 አሌክሳንደር ሲያርፉ ክፍሉን ተረክበው መሩ፤ በ1970 ሕይወታቸው አለፈ።

ዛሬ በብዙ አገሮች የተፋጠነ ማገገም የሚባል የእንክብካቤ ሥርዓት አለ። መነሻው ዴንማርካዊው ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት በ1990ዎቹ ለአዋቂዎች ያስተዋወቁት አሠራር ነው። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ልጁን ቶሎ ከሆስፒታል ማስወጣት ሳይሆን ማገገሙን የሚያዘገዩትን ነገሮች መቀነስ ነው። ሕመሙ በፓራሲታሞልና በማደንዘዣ ሲቀንስ ሞርፊን ትንሽ ይበቃል፤ ትንፋሹ አይዳከምም፤ የመተንፈሻ ቱቦውም ሁኔታው ሲፈቅድ ቶሎ ይወጣል። በአፍንጫ ገብቶ ስፌቱን አልፎ ጨጓራ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ የእናት ጡት ወተት በጥቂቱ በቀናት ውስጥ ይጀመራል። እናቲቱም ገና ከመጀመሪያው ቀን ወተቷን እያለበች ታቆያለች።

ልጃችሁ እንዲህ ያለ ሕክምና ላይ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ያ ቱቦ ከወጣ መልሳችሁ ለማስገባት አትሞክሩ፤ ስፌቱን ሊቀድ ይችላልና ወዲያው ነርሷን ጥሩ። ስታቅፉትም አንገቱ ወደ ኋላ እንዳይንጋለል ደግፉት፤ ሲንጋለል ስፌቱ ይወጠራል።

ምልክቱን ገና ቤት ወይም ጤና ጣቢያ እያለ ካያችሁ ደግሞ ጡትም፣ ውኃም፣ ቅቤም አታቅምሱት። ራሱን ከፍ አድርጋችሁ፣ ከእናቱ ገላ ጋር አሙቃችሁ፣ ለሃጩን እያጸዳችሁ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሪፈራል ሆስፒታል በፍጥነት እንዲላክ ጠይቁ። የጤና ባለሙያው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብቶ በ10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከቆመበት ጥርጣሬው ይጠናከራል። ልብ፣ ኩላሊትና ፊንጢጣም አብረው ይመረመራሉ፤ እክሉ ብዙ ጊዜ ለብቻው አይመጣምና።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጎርናና ሳል ሊኖረው ይችላል፤ ይህ በአየር ቧንቧው መላላት የሚመጣ ነው። ሲያጠቡትም ሲያበሉትም ቀና አድርገው ይያዙት። ምግብ ሲጀምር በደንብ የላመ ይሁን፤ ሥጋና ዳቦ በጣም ተከትፎ ይሰጠው። ወትሮ ይውጠው የነበረውን መትፋት ከጀመረ፣ ሲበላ ከተናነቀው ወይም ክብደቱ ካልጨመረ ቧንቧው እንደገና ጠብቦ ሊሆን ስለሚችል የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ይውሰዱት።