ማረሻን ከትራክተር ያዋሐደው ሰው
(የሃሪ ፈርጉሰን የሕይወት ታሪክ)

በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው ጎልቶ የሚነበበው ብዙውን ጊዜ ነገሥታትና የጦር አለቆች ናቸው። የዕለት እንጀራችን የሚገኝበትን የእርሻ ሥራ ያቃለሉ ሰዎች ግን እምብዛም አይታወሱም። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ የሆነውን የሃሪ ፈርጉሰንን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሃሪ ፈርጉሰን ኖቬምበር 4 ቀን 1884 ዓ.ም. በአየርላንድ ደሴት፥ በዳውን አውራጃ፥ በድሮሞር ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ሲሆን የዐሥራ አንድ ልጆች አባት ነበረ። ሃሪም በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአባቱ እርሻ ላይ መሥራት ጀመረ፤ ነገር ግን ማለዳ ተነሥቶ እስኪመሽ መድከሙ ከቶ አልተስማማውም። በ1902 ዓ.ም. ወደ ቤልፋስት ከተማ ሄዶ በወንድሙ በጆ የብስክሌትና የመኪና መጠገኛ ቤት ገባ። በዚያም የሞተርን ጠባይ በጆሮው እየሰማ፥ በእጁ እየዳሰሰ ለማወቅ ቻለ። ቆይቶም አውሮፕላን ሠርቶ ዲሴምበር 31 ቀን 1909 ዓ.ም. በሂልስቦሮ አንድ መቶ ሜትር ያህል በረረ። በአየርላንድ ምድር በአውሮፕላን የበረረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

በ1911 ዓ.ም. ፈርጉሰን የራሱን የመኪና ንግድ ቤት ከፈተ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በሆነ ጊዜ ምግብ እየጠበበ ስለ ሄደ፥ በ1917 ዓ.ም. የአየርላንድ እርሻ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በአገሩ ያሉት ትራክተሮች እንዴት እንደሚሠሩ መርምሮ እንዲያሻሽል አዘዘው። እርሱም ዊሊ ሳንድስ ከሚባለው ረዳቱ ጋር ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወረ ተመለከተ። ያየው ነገር አሳዘነው። በዚያን ጊዜ ማረሻው በሰንሰለት ወይም በብረት ዘንግ ታስሮ ከትራክተሩ ኋላ እንደ ጋሪ ይጎተት ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከጉቶ ጋር ሲላተም የኋላው ጎማ መዞሩን ስለማይተው፥ የትራክተሩ ፊት ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ነጂውም ከሥሩ ተደፍጥጦ ይሞታል። ብዙ ነጂዎች በዚህ ዓይነት ጠፍተዋል።

ሌሎች ፋብሪካዎች መድኃኒቱ ትራክተሩን ማክበድ ነው ብለው ነበር። ፈርጉሰን ግን ከባድ ትራክተር አፈሩን ይጠቀጥቃል፥ ዋጋውም ለትንሽ ገበሬ አይቀመስም ብሎ ሌላ መንገድ ፈለገ። አሳቡ ማረሻውንና ትራክተሩን እንደ አንድ አካል ማድረግ ነበር። ብዙ ዓመት ሞክሮ ከወደቀና ከተነሣ በኋላ በ1926 ዓ.ም. ለዚህ ብልሃት የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። ማረሻው በሦስት ነጥብ ይያዛል፤ ሁለቱ ክንዶች ከታች ሆነው ይስባሉ፤ አንዱ ዘንግ ከላይ ሆኖ ይገፋል። በትራክተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ፓምፕ ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ሲገፋ ፒስተኑ ክንዶቹን ያነሣል። ማረሻው ወደ ጠንካራ አፈር በገባ ጊዜ የላይኛው ዘንግ ወደ ፊት ተገፍቶ አንድ ሞላ ይጫናል፤ ሞላውም የዘይቱን በር ከፍቶ ማረሻውን ጥቂት ቀና ያደርገዋል። አፈሩ ሲላላ መልሶ ያወርደዋል። የኛ አገር ገበሬ እርፉን ጨብጦ መሬቱ ሲጠብቅ የሚያቀልለውን፥ ሲላላ የሚጫነውን ያህል፥ እዚያ ዘይቱ ይሠራዋል ማለት ነው። የማረሻውም ክብደት በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ቀላሉ ትራክተር የከባዱን ሥራ ይሠራል። ድንጋይ ቢያጋጥም የላይኛው ዘንግ የትራክተሩን ፊት ወደ መሬት ስለሚጫነው መገልበጡ ቀረ።

በዚህ ዓይነት የተሠራው ትራክተር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በዴቪድ ብራውን ፋብሪካ ወጣ፤ ሆኖም ሁለቱ ሰዎች ስላልተስማሙ ብዙ አልገፋም። በ1938 ዓ.ም. ፈርጉሰን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ መሣሪያውን ለሄንሪ ፎርድ አሳየ። ፎርድም የገበሬ ልጅ ነበርና ወዲያው ገባው። ሁለቱ ሰዎች አንዳችም ውል ሳይጽፉ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተስማሙ፤ በ1939 ዓ.ም. የወጣው ትራክተርም በመቶ ሺሕ በሚቈጠር ተሸጠ። ነገር ግን ሽማግሌው ፎርድ ሥራውን ለልጅ ልጁ ከለቀቀ በኋላ ስምምነቱ በ1947 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የፎርድ ኩባንያም ያንኑ ዓይነት መሣሪያ ያለው ትራክተር ለብቻው መሥራት ቀጠለ። ፈርጉሰን 251 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠይቆ ከሰሰ። ክርክሩ ከአራት ዓመት በላይ ከፈጀ በኋላ በ1952 ዓ.ም. በ9.25 ሚሊዮን ዶላር በዕርቅ አለቀ።

እርሱ ግን ፍርድ እስኪያገኝ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የእርሱ ግራጫ ትንሽ ትራክተር ከ500,000 በላይ ተሠራ። በ1958 ዓ.ም. ኤድመንድ ሂላሪ እስከ ደቡብ ዋልታ የተጓዘው በእነዚህ ትራክተሮች ነው።

ዛሬም እንዲህ ያለውን አሮጌ ትራክተር የያዘ ሰው የፈርጉሰንን አሳብ ካወቀ፥ ክንዱ አልነሣ ሲለው ቶሎ ቁልፍ አያነሣም። አስቀድሞ የዘይቱን ልክ ያያል፤ የካምቢዮው፥ የዲፈረንሻሉና የማንሻው ዘይት አንድ ነውና። ቀጥሎ ወደ ኋላ ኃይል የሚያወጣው ዘንግ መግባቱን ይመለከታል፤ ፓምፑ የሚዞረው በእርሱ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥም ፓምፑ ስለሚቆም ማንሻው መሥራቱን ይተዋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ባዶ ክንድ አልወርድ ቢልም ብልሽት አይደለም፤ ዘይቱ የሚያነሣ እንጂ የሚያወርድ ስላልሆነ ክንዱ የሚወርደው በጭነት ነው። ሞተሩ እየሠራ ጭነቱ ከፍ ዝቅ እያለ የሚንቀጠቀጥ፥ ሲጠፋም ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይቱ በአንድ ቦታ ያመልጣል፤ በዚያን ጊዜ የፒስተኑን ፋሻና ቫልቮቹን መመርመር ይገባል። ከሁሉ በፊት ጭነቱ መሬት ላይ መውረድ አለበት፤ ከተነሣ ማረሻ ሥር ገብቶ መሥራት ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው።

በ1953 ዓ.ም. ፈርጉሰን ድርጅቱን ከማሲ ሃሪስ ኩባንያ ጋር አዋሐደ። በዋጋው ላይ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ልዩነት በመጣ ጊዜ ሳንቲም ተወርውሮ ዕጣው ይለየን አለ፤ ተሸነፈም፥ ቃሉንም ጠበቀ። በእኛም አገር በትራክተሮች ላይ የምናየው ማሲ ፈርጉሰን የሚለው ስም ከዚህ ውሕደት የመጣ ነው። በመጨረሻ ዘመኑ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ለመሥራት ደከመ። ኦክቶበር 25 ቀን 1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ከድርጅቱ የወጣው ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና በኦልተን ፓርክ እሽቅድምድም ስተርሊንግ ሞስ እየነዳው አንደኛ ወጣ፤ ደካሚው ግን ይህን ድሉን ለማየት አልታደለም።

ውድ ጓደኞቼ፥ ፈርጉሰን ፍጹም ሰው አልነበረም፤ ቍጡና ግትር እንደ ነበረ አብረውት የሠሩት ይመሰክራሉ። በወዳጅነት ብቻ ታምኖ ውል አለመጻፉም ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል። ሆኖም ሌሎች ብረት ሲጨምሩ እርሱ አደጋው ከምን እንደ መጣ ጠየቀ። እኛም ነገ በፋብሪካም ሆነ በእርሻ ለሥራ ስንሰማራ፥ ችግሩን ከነምክንያቱ ሳናውቅ መፍትሔ ለመስጠት እንዳንቸኩል የዚህ የገበሬ ልጅ ታሪክ ያስተምረናል።