ሽቦ የለካው መምህር፤ የጌኦርግ ኦም የሕይወት ታሪክ

በዚህ ዕትም ስለ አንድ ሰው ልናጫውታችሁ ነው። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ አስቸግሮናል። ሰውየውን ግን አናውቀውም። እኛም ብንሆን ታሪኩን ለማወቅ የተነሣነው በትምህርት ፍቅር ብቻ ነው ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ነገሩ የተጀመረው በሽሮ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እኛ ሦስት ዕጩ መምህራን በተከራየናት ክፍል ሽሮ ልንሠራ አሰብን። ክፍሏ አንድ አምፑል እንጂ ሶኬት የላትም። ታዲያ ምን ችግር አለው ብለን ከአምፑሉ መስመር ላይ ሽቦ ቀጠልን። ጫፎቹን በጣታችን ጠምዘዝ አድርገን በናስትሮ ጠቀለልንና ፎርኔሎውን ሰካን። ሽሮው ገና መንተክተክ ሳይጀምር አምፑሉ ደብዘዝ አለ። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ቀና ብንል የተቀጠለበት ቦታ ላይ ናስትሮው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። አንዳችን ሮጦ ከቆጣሪው አጠፋው። ማንም አልተጎዳም፤ ሽሮው ግን ጥሬውን ቀረ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነው።

በማግሥቱ ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ብንነግራቸው በመጀመሪያ ተቆጡን፤ ይገባናልም። ቀጥሎ ሦስት ነገር ጠየቁን። ሽቦው ርዝመቱ ስንት ነው? ውፍረቱስ? መጋጠሚያው እንዴት ነበር? እኛ አንዱንም አልለካንም። ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ለክቶ ሕጉን ያወጣው ሰው እንደ እኛው የትምህርት ቤት አስተማሪ እንደነበረ የነገሩን ያን ዕለት ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያገኘነውን እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጌኦርግ ሲሞን ኦም ማርች 16 ቀን 1789 በጀርመን አገር ኤርላንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዮሐን ቮልፍጋንግ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ እናቱ ማሪያ ኤልሳቤጥ ደግሞ የልብስ ሰፊ ልጅ። ከተወለዱት ሰባት ልጆች ያደጉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ጌኦርግ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ሞተች። አባትየው መደበኛ ትምህርት ያልነበረው ሰው ሲሆን፣ በራሱ ጥረት ሒሳብና ፊዚክስ አጥንቶ ልጆቹን ራሱ ያስተምራቸው ነበር። ይኼ ቁልፍ ሠሪ እኮ ሁለት ምሁራን ነው ያፈራው፤ የጌኦርግ ታናሽ ወንድም ማርቲንም የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ሆኗል።

በ1805 ጌኦርግ የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ምን አደረገ ቢባል ጨፈረ፣ በበረዶ ላይ ተንሸራተተ፣ ቢሊያርድ ተጫወተ። አባቱ ይህን ሲሰማ ተናደደና ከሦስት ሴሚስተር በኋላ አስወጣው። ልጁም ወደ ስዊትዘርላንድ ሄዶ በ1806 ኒዳው አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ጀመረ። ዕድሜው 17 ነው። እኛ ሃያ ሞልቶን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ጠመኔ የያዘ እጃችን ይንቀጠቀጣል!

ከዚያ በኋላ ኖሻቴል በምትባል ከተማ የግል አስጠኚ ሆኖ ሠራ። የኦይለርንና የላፕላስን መጻሕፍት ለብቻው ያጠናው በዚያን ጊዜ ነው። በ1811 ወደ ኤርላንገን ተመልሶ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጥቂት ቢያስተምርም ገቢው ለኑሮ የማይበቃ፣ ዕድገትም የማይታይበት ሆነበትና ተወው። በ1813 ባምበርግ ውስጥ ወደ አንድ ደካማ ትምህርት ቤት ተመደበ። በ1816 ያም ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቀጥሎ የተላከበት ደግሞ ተማሪ የተጨናነቀበት ሆኖ አገኘው። ዶክተር ኦም እንግዲህ 27 ዓመቱ ነው፤ የተማረው ብዙ፣ የተሰጠው ቦታ ትንሽ።

ሰውየው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጂኦሜትሪን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1817 ታተመ። አንዱን ቅጅ ለፕሩሲያ ንጉሥ ላከ። በዚያው ዓመት በኮሎኝ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ መምህርነት አገኘ። እዚያ ካስተማራቸው ልጆች አንዱ በኋላ ስሙ የገነነው የሒሳብ ሊቅ ዲሪክሌ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ትምህርት ቤቱ ጥሩ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የነበረው መሆኑ ነው።

በ1820 ዴንማርካዊው ኤርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ማግኔታዊ መርፌን እንደሚያዞር ገለጸ። ኦም ይህን ሲያነብ አንድ ነገር ገባው። መርፌው ብዙ ከዞረ ብዙ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው፤ ጥቂት ከዞረ ጥቂት። እንግዲያውስ ሽቦው ሲረዝም ኃይሉ በምን ያህል ይቀንሳል? ይህን ለመለካት ማግኔታዊ መርፌ በቀጭን የብረት ጥብጣብ አንጠለጠለ። መርፌው በኤሌክትሪኩ ሲዞር ጥብጣቡን ከላይ እያጠመዘዘ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ የጠመዘዘው መጠን ልኩ ይሆናል። የአባቱ የቁልፍ ሥራ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያ ለመሥራት እጁ የታረቀ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ተበላሸ። የተጠቀመበት ባትሪ በሥራ ላይ እያለ ይደክማል፤ ኃይሉ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይነሣል። ኦም በ1825 ውጤቱን ቸኩሎ አሳተመ፤ ያወጣው ቀመርም ስሕተት ነበር። ይህን ስናነብ ደስ እንዳለን አንደብቅም። በእርሱ ስም የተጠራውን ሕግ እርሱ ራሱ መጀመሪያ ስቶት ነበር ማለት ነው!

የሳይንስ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፖገንዶርፍ ባትሪውን ትቶ ዜቤክ ባገኘው ዘዴ እንዲጠቀም መከረው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ሁለት ዓይነት ብረት ጫፍና ጫፋቸው ይጋጠማል፤ አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ኦም ቢስሙትና መዳብ አጋጠመ። አንዱን ጫፍ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አደረገ። የሚፈላ ውኃም ሆነ የሚቀልጥ በረዶ ሙቀቱ ስለማይለዋወጥ ኤሌክትሪኩም የማይወላውል ሆነ።

ከዚያም ውፍረታቸው አንድ የሆነ ስምንት የመዳብ ሽቦዎች አዘጋጀ። ርዝመታቸው በኢንች 2፣ 4፣ 6፣ 10፣ 18፣ 34፣ 66 እና 130 ነበር። አንድ በአንድ እየቀያየረ ለካ። በአጭሩ ሽቦ የመሣሪያው ንባብ ከ326 በላይ፣ በረጅሙ ደግሞ 48 ያህል ሆነ። አሁን እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሽቦው ከ2 ወደ 130 ኢንች ሲያድግ 65 እጥፍ ረዝሟል፤ ንባቡ ግን የወረደው 7 እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ነው። ለምን?

እዚህ ላይ ነው የኦም ብልኀት። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሚለካው ሽቦ ብቻ አይደለም፤ በቢስሙቱም፣ በመጋጠሚያዎቹም፣ በቀረው መሣሪያ ሁሉ ያልፋል። ይህ ሁሉ የየራሱ እንቅፋት አለው፤ በመጻሕፍቱ ሬዚስታንስ የሚባለው ማለት ነው። ኦም ሲያሰላው የቀረው መሣሪያ እንቅፋት 20 ኢንች ያህል ሽቦ ሆኖ ተገኘ። 20ን በ2 ላይ ብንደምር 22፤ በ130 ላይ ብንደምር 150። 150 ለ22 ሲካፈል 7 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ልክ እንደ ንባቡ! በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስንሠራው ሦስታችንም ዝም አልን። ቀመሩን በቃል ሸምድደን ፈተና አልፈንበታል፤ ከየት እንደመጣ ያየነው ግን ያን ጊዜ ነው።

ወደ እኛ ፎርኔሎ እንመለስ። 2,000 ዋት የሚበላ ፎርኔሎ በ220 ቮልት መስመር ላይ 9 አምፔር ያህል ይስባል። ይህ 9 አምፔር ከቆጣሪው ጀምሮ እስከ ፎርኔሎው ባለው እያንዳንዱ ነገር ውስጥ ያልፋል። ሽቦ በረዘመ ቁጥር እንቅፋቱ ይጨምራል፤ በወፈረ ቁጥር ይቀንሳል። አምፑላችን የደበዘዘው ከቆጣሪው እስከ እርሱ ያለው ቀጭን መስመር ቮልቱን ስለበላበት ነው። በጣት የተጠመዘዘችው መጋጠሚያ ደግሞ ከሁሉ የባሰች ናት። እንቅፋቷ ግማሽ ኦም ብቻ ነው ብንል እንኳ 9 በ9፣ በግማሽ ሲባዛ 40 ዋት ሙቀት ይሰጣል። ይህን የሙቀት ስሌት በ1841 ያወጣው እንግሊዛዊው ጁል ነው። 40 ዋት ማለት እኮ ሬዲዮ ጠጋኞች ስታኞ የሚያቀልጡበት ካውያ ያህል ነው! ይህ ሁሉ ሙቀት በጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ሲጠራቀም ናስትሮ ምን አቅም አለው?

ለዚህ ነው ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሽቦ የሚዘረጋው። ቫልቮላም ቢሆን ከዚሁ ሕግ የወጣ ነው፤ ከመስመሩ ሁሉ አስቀድማ እንድትቃጠል ሆን ተብላ የተቀመጠች ቀጭን ሽቦ ናት። በእርሷ ፋንታ ወፍራም ሽቦ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ ቤቱን ራሱን ቫልቮላ አደረጉት ማለት ነው። በየቢሮው በሚዘረጋው የኔትዎርክ ገመድም ያው ነው። አሉሚኒየም በመዳብ ተለብጦ እንደ መዳብ ይሸጣል፤ ውፍረቱ አንድ ሆኖ እንቅፋቱ ግን ይበልጣል። ኦም የተለያዩ ብረቶችን ጎን ለጎን ያወዳደረው በከንቱ አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ያህል ነገር ያገኘ ሰው ምን ተሸለመ? ምንም። በ1826 በግማሽ ደመወዝ የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ወደ በርሊን ሄደ። በ1827 ሥራውን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ አሳተመ። ተስፋው ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ማግኘት ነበር። መጽሐፉ ግን በሒሳብ የተሞላ ነው፤ በዘመኑ ብዙዎቹ የጀርመን ፊዚክስ ሊቃውንት ደግሞ ኤሌክትሪክን በሒሳብ ማየት አልለመዱም። ፖል የሚባል የበርሊን ምሁር ክፉኛ ነቀፈው። ሌሎቹ ዝም አሉ፤ ዝምታው ከነቀፋው ሳይብስ አይቀርም። ኦም እጅግ ተከፋ። በ1828 የኮሎኙን ሥራ በገዛ እጁ ለቀቀ።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳችን በቁጣ የሚበላበትን እንጀራ ገፋ፣ ትዕግሥት አነሰው ብሎ ፈረደበት። ሁለታችን ግን አልተስማማንም። አሥር ዓመት ያህል ያገለገለበትን ቦታ ያለ በቂ ምክንያት የሚተው ሰው አይደለም፤ የሠራው ሥራ እንዲታይለት ነው የፈለገው። የሆነ ሆኖ የከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። ቋሚ ቦታ ሳያገኝ በበርሊን የጦር ትምህርት ቤት ጥቂት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ ዓመታት አለፉ። በ1833 ኑረምበርግ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ፤ በኋላም ርዕሰ መምህሩ ሆኖ መራው።

ሥራው የታወቀለት በመጀመሪያ በውጭ አገር ነው። በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ የሚባለውን ታላቅ ሜዳልያ ሰጠው፤ በማግሥቱ ዓመትም የውጭ አባሉ አደረገው። መጽሐፉ ከወጣ 14 ዓመት ሆኖታል። በ1849 ወደ ሙኒክ ተዛወረ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲመኘው የነበረውን የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር ያገኘው በ1852 ሲሆን፣ ዕድሜው 63 ደርሶ ነበር። ወንበሩ ላይ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1854 ሙኒክ ውስጥ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ሚስት አላገባም፣ ልጅም አልነበረውም።

በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የእንቅፋት መለኪያው ኦም ተብሎ እንዲጠራ ወሰነ። ምልክቱ Ω የግሪክ ፊደል ኦሜጋ ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ኦ ቢደረግ ከዜሮ ጋር ይምታታል።

ክፍላችን ውስጥ አሁን መብራት አዋቂ ጠርተን ከቆጣሪው ለብቻው የመጣ 2.5 ሽቦና በብሎን የጠበቀ ሶኬት አስገብተናል። ሽሮውም በስሎ ተበልቷል። የተቃጠለችውን መጋጠሚያ ግን አልጣልናትም፤ ከነቀለጠው ናስትሮዋ ከዚህ ጽሑፍ ሥር በሚስማር ሰቅለናታል። መንካት ለሚፈልግ ኤሌክትሪክ የለባትም።