ጂኦሜትሪን በዐረብኛ ያስተማሩት ሐኪም

ዶክተር ኮርኔሊየስ ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በ1818 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልደው፣ በ1840 በሐኪምነትና በወንጌል መልእክተኛነት ቤይሩት ገቡ። ከቡጥሩስ አል-ቡስታኒ ጋር ወዳጅነት መሥርተው ዐረብኛን ጠልቀው ተማሩ። በ1857 የጂኦሜትሪ መማሪያ መጽሐፋቸውን በዐረብኛ አሳተሙ። ተማሪው ሦስት ማዕዘን ነድፎ፣ በጫፉ ላይ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ሲያሠምር፣ ተለዋጭ ማዕዘኖች እኩል በመሆናቸው የሦስቱ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑን በገዛ ቋንቋው ማረጋገጥ ቻለ። ኋላም የዛሬው የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ኮሌጅ አስተማሩ። በ1882 ግን አንድ ባልደረባቸው ዳርዊንን ጠቅሰው በመናገራቸው ከኮሌጁ እንዲወጡ ሲደረግ፣ ቫን ዳይክ ይህን ተቃውመው የመምህርነት ወንበራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። በ1895 በዚያው በቤይሩት ዐረፉ።