የባዶ አልጋ ጠላት፦ የኮንራድ ሒልተን ሕይወት እና ዛሬ በስልካችን የምንቆጥረው ነጥብ

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። ኒው ዮርክ ወይም ቺካጎ የሚያስኬድ ነገር ከተገኘ ለሆቴል ገንዘብ እንዳታወጡ፣ በነጥባቸው አልጋ እንደሚይዙላችሁ ይነግሯችኋል። በነጥብ? አዎ፣ በነጥብ። ሆቴል ባደሩ ቁጥር፣ በካርድ በከፈሉ ቁጥር የተጠራቀመ፣ ስልካቸው ላይ የተቀመጠ አንድ ቁጥር።

እኛም ነገሩ ገርሞን መቆፈር ጀመርን። ቁጥሩን ስንከተለው ስንከተለው መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ጋ አደረሰን። ሰውየው የሆቴል ነጥብ የሚባለውን ነገር ሳያይ ነው የሞተው። ግን ከነጥቡ ጀርባ ያለውን ሐሳብ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራበት ኖሯል። ስሙንም ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አበባ በምኒልክ ጎዳና ስታልፉ ተጽፎ ታዩታላችሁ። ኮንራድ ሒልተን።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከባቡር ጣቢያ ሻንጣ የሚሸከመው ልጅ

ኮንራድ የተወለደው በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1887 ነው። ቦታው ሳን አንቶኒዮ የምትባል ትንሽ መንደር፣ ያኔ ገና ክፍለ ግዛት ሆና ያልታወቀችው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ። አባቱ ከኖርዌይ የመጣ ስደተኛ ነበር። ሱቅ ነበረው፤ ከምግብ እስከ ቆርቆሮ ሁሉን ይሸጣል። እናቱ አጥባቂ ካቶሊክ ነበረች፤ ልጇን ሲጨንቀው እንዲጸልይ ያስተማረችው እሷ ናት። ይህ ልማድ እስኪሞት አልተወውም።

በ1907 አሜሪካን የገንዘብ ቀውስ መታት። የአባትየው ሱቅ ዕቃ ሞልቶት ገዢ ጠፋ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያለውን ቆጠረ፦ ትልቅ ቤት፣ ባቡር የሚያልፍበት መንደር፣ ጥሩ ምግብ የምትሠራ እናት። መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ክፍሎች ለመንገደኛ ማከራየት ጀመሩ። የኮንራድ ሥራ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ባቡር ሲገባ ጣቢያ ቆሞ እንግዳ መጥራትና ሻንጣ መሸከም ሆነ።

ያው፣ የዓለም ትልቁ የሆቴል ስም የተጀመረው በችግር ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ግን ሆቴል የመሥራት ሕልም አልነበረውም። ሕልሙ ባንክ ነበር።

ባንክ ሊገዛ ሄዶ ሆቴል ገዛ

ከዚያ በኋላ ብዙ ሞከረ። በ1912 ኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት ስትሆን የመጀመሪያው ምክር ቤት አባል ሆነ። ትንሽ ባንክም ከፈተ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘመተ። እሱ ገና ከጦሩ ሳይሰናበት፣ በ1919 መጀመሪያ አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ።

በዚያው ዓመት ቴክሳስ ውስጥ ሲስኮ ወደምትባል ከተማ ሄደ። አካባቢው ነዳጅ ተገኝቶበት ሰው እንደ ንብ የሚርመሰመስበት ጊዜ ነው። እዚያ ባንክ ሊገዛ ተስማማ፤ ሻጩ ግን በመጨረሻ ሰዓት ዋጋ ጨመረ። ኮንራድ ተናዶ ወጣ፤ ለማደር ወደ አንድ ሆቴል ጎራ አለ። ሞብሊ ይባላል፤ ባለ 40 ክፍል ነው።

ሎቢው በሰው ታጭቋል። አልጋ የለም። ነገሩን ሲያጣራ፣ ሆቴሉ አንዱን አልጋ በቀን ሦስት ጊዜ ያከራያል፤ አንዱ 8 ሰዓት ተኝቶ ሲነሳ ሌላው ይገባል። ባለቤቱ ግን ልቡ ነዳጅ ፍለጋው ላይ ነበር፤ ሆቴሉን መሸጥ ይፈልጋል። ኮንራድ የራሱን፣ የእናቱን፣ የወዳጆቹንና የባንክ ብድር አንድ ላይ አድርጎ በ40,000 ዶላር ገዛው።

እዚያ ያደረገውን ልብ በሉ። የምግብ አዳራሹ ብዙ እንደማያስገባ ሲያይ ከፋፍሎ መኝታ ክፍል አደረገው። የእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ከሚያስፈልገው በላይ ረዥም መሆኑን ሲያይ ግማሹን ቆርጦ ጋዜጣና ሲጋራ መሸጫ አደረገው። ገበያው ሲደራ የራሱን አልጋ ሳይቀር እያከራየ ወንበር ላይ ይተኛ ነበር።

የሰውየው ሙሉ ሕይወት እዚህች ሆቴል ውስጥ አለ። ባዶ ቦታ ያመዋል። ያልተከራየ አልጋ ዕንቅልፍ ይነሳዋል። ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ዛሬ ያልተሸጠ ስኳር ነገ ይሸጣል፤ ዛሬ ማታ ያልተከራየ ክፍል ግን ነገ ሊሸጥ አይችልም። የዛሬዋ ሌሊት ካለፈች አለፈች።

ከወረቀት የተቀደደችው ፎቶ

በ1925 ስሙን የያዘውን የመጀመሪያ ሆቴል ዳላስ ላይ ከፈተ። መሬቱን አልገዛም፤ ለ99 ዓመት ተከራየው። የአየር ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ጊዜ፣ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በምዕራብ በኩል ሊፍትና የአገልግሎት ቦታዎችን አድርጎ አንድም መኝታ ክፍል ወደዚያ እንዳይዞር አደረገ። በዚሁ ዓመት አገባ፤ በኋላም ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ።

ከዚያ 1929 መጣ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት። መንገደኛ ጠፋ፤ ሆቴሎች አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር። ሒልተን አብዛኞቹን ሆቴሎቹን አበዳሪዎች ወሰዱበት፤ አንድ ሰሞን ድሮ የራሱ በነበሩ ሆቴሎች ላይ ተቀጣሪ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሠርቷል። በኪሱ ምንም ባልነበረበት በዚያ ወቅት፣ አንድ ሻንጣ ተሸካሚ ሠራተኛው ያጠራቀመውን 300 ዶላር አውጥቶ እንደሰጠው በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ተርኮታል።

እስቲ ይቺን እንያዛት። ታማኝነት ማለት ይቺ ናት። ነጥብ አልተሰጠባትም።

በ1931 ኒው ዮርክ ውስጥ አዲሱ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ተከፈተ፤ 47 ፎቅ፣ በዚያ ዘመን የሆቴሎች ሁሉ ቁንጮ። ባለዕዳው ሒልተን ፎቶውን ከመጽሔት ላይ ቀደደና ከሁሉም ትልቁ መሆኑን ጽፎበት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጠረጴዛ ሲኖረው ደግሞ ከመስተዋቱ ሥር አስቀመጠው። ትዳሩ በ1934 ፈረሰ። ዕዳው ግን ቀስ በቀስ ተከፈለ።

ከዚያ መነሳት ጀመረ። በ1938 ሳን ፍራንሲስኮ፣ በ1943 ኒው ዮርክ ውስጥ ሩዝቬልትና ፕላዛ፣ በ1945 ቺካጎ ውስጥ 3,000 ክፍል ያለውና ያኔ ከዓለም ትልቁ የነበረው ስቲቨንስ። በ1949 ደግሞ፣ ፎቶውን ከቀደደ ከ18 ዓመት በኋላ፣ ዋልዶርፍን በእጁ አስገባ።

ዋልዶርፍ ሲገባ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሎቢው ውስጥ የቆሙት ግዙፍ ዓምዶች ጌጥ ብቻ እንደሆኑና ውስጣቸው ባዶ እንደሆነ አወቀ። የመስተዋት ማሳያ አስገጠመባቸውና ለሽቶና ለጌጣጌጥ ነጋዴዎች አከራያቸው። የሲስኮው ሰውዬ አልተለወጠም።

ሕንፃው የሌላ፣ ስሙ የእሱ

በዚያው በ1949 ሌላ ነገር ሆነ። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ መንግሥት ሆቴሉን ሠራ፤ ሒልተን ደግሞ ስሙንና ሙያውን ይዞ ገብቶ ሊያስተዳድር ተዋዋለ። ሕንፃው የእነሱ፣ ስሙ የእሱ፣ ትርፉ የጋራ። በዚህ መንገድ ኢስታንቡል፣ ካይሮ፣ ለንደን እያለ ዓለምን አዳረሰ። የአዲስ አበባውም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሕንፃው የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የሒልተን ሆኖ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1969 ተከፈተ። የመዋኛ ገንዳውን ቅርፅ ያያችሁ ላሊበላን ሳታስቡ አትቀሩም።

በዚያው ዓመት ግን የሰውየው ቤት ኀዘን ነበር። የመጀመሪያ ልጁ ኒኪ በ42 ዓመቱ ሞተ። ለሚሊዮኖች አልጋ ያነጠፈው ሰው የራሱ ቤት ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር። ከተዋናይዋ ዣ ዣ ጋቦር ጋር የነበረው ሁለተኛ ትዳር ጥቂት ዓመት ብቻ ነው የቆየው።

ሦስተኛ ትዳሩን የመሠረተው 89ኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል ነው። ጥር 3 ቀን 1979 በ91 ዓመቱ አረፈ።

ነጥቡን ያመጣው ልጁ ዘመን ነው

በ1981 አንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ለተመላላሽ ተሳፋሪ ማይል መቁጠር ጀመረ፤ ሌሎች ተከተሉት። የእኛው ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስም የዚሁ ዘር ነው። ሒልተን ኩባንያ የራሱን የነጥብ ፕሮግራም የጀመረው በ1987 ነው፤ ኮንራድ ከሞተ 8 ዓመት በኋላ፣ ኩባንያውን ሁለተኛ ልጁ ባረን ሲመራ።

ሐሳቡ ግን የአባትየው ነው። ባዶ ሊያድር የነበረን ክፍል ለነጥብ ደንበኛ ብትሰጠው ሆቴሉ ብዙም አይጎዳም፤ ደንበኛው ግን ያንን አንድ ሌሊት እያሰበ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሆቴል አይገባም። እንደገና ባዶ ቦታን ወደ ገንዘብ መቀየር። እንደ ዓምዶቹ።

ይህን የገባው ሰው ነጥብን እንዴት እንደሚጠቀም ይገባዋል።

አንደኛ፣ ሒሳቡን ሥሩ። አንድ ክፍል ከነታክሱ 200 ዶላር ወይም 40,000 ነጥብ ተብሏል እንበል። 200ን ለ40,000 ስታካፍሉ አንዱ ነጥብ የግማሽ ሳንቲም ዋጋ አለው። በአብዛኞቹ የሒልተን ሆቴሎች ደግሞ ተራ አባል ለ1 ዶላር 10 ነጥብ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ 40,000 ነጥብ ማለት ለሆቴል የወጣ 4,000 ዶላር ነው። በ200 ዶላር ሒሳብ 20 ሌሊት ከፍሎ 1 ሌሊት ማለት ነው። ነፃ የሚለው ቃል እዚህ ጋ ትንሽ ይከብዳል፣ አይደል?

ሁለተኛ፣ ነጥብ የሚበረክተው ሆቴል ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ኒው ዮርክ በጥርና በየካቲት ብርድ ሆቴሎቿ ይቀዘቅዛሉ። በመስከረም የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሲደረግና በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ግን በነጥብም በዶላርም ይወደዳል።

ሦስተኛ፣ ትላልቅ ከተሞች ውስጥ ብዙ ሆቴሎች ከክፍሉ ዋጋ ላይ በየቀኑ የሚደመር ሌላ ክፍያ አላቸው። ሒልተን ውስጥ ሙሉ በሙሉ በነጥብ ካደራችሁ ያ ክፍያ አይጠየቅም። የነጥቡ እውነተኛ ጥቅም አንዳንዴ እዚህ ነው ያለው። ዘመዳችሁም በራሱ ነጥብ በእናንተ ስም አልጋ መያዝ ይችላል።

አራተኛ፣ እና ይቺን አደራ፣ ነጥብ ለመሰብሰብ ሲል ማንም ዕዳ ውስጥ አይግባ። አሜሪካ ያሉ ወንድም እህቶቻችን አብዛኛውን ነጥብ የሚያገኙት በክሬዲት ካርድ ነው። ካርዱ በየወሩ ሙሉ ለሙሉ ካልተከፈለ ወለዱ ከነጥቡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አጎታችሁ በነጥቤ ነው ሲል ዝም ብላችሁ አትፈንድቁ፤ ካርዱን እየከፈለ መሆኑንም በዘዴ ጠይቁ። አንድ ሌሊት ዋልዶርፍ ማደር የማንንም ዕዳ አያክልም።

ያልተቆጠረው ነጥብ

ኮንራድ ሲሞት ኑዛዜው ብዙዎችን አስደነገጠ። ከሀብቱ አብዛኛውን የሰጠው ለልጆቹ ሳይሆን በ1944 ላቋቋመው የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ነው። ባረን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተከራከረ፤ ጉዳዩ በስምምነት ያለቀው በ1988 ነው። የሚገርመው ግን ባረንም በ2019 ሲሞት ከሀብቱ 97 በመቶ የሚሆነውን ለዚያው ፋውንዴሽን መተዉ ነው።

ፋውንዴሽኑ የንፁህ ውኃ ሥራ ከሚደግፍባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ማለትም፣ ከዚያች ባለ 40 ክፍል የሲስኮ ሆቴል የተጀመረ ገንዘብ፣ በሒልተን አልጋ ተኝታ የማታውቅ እናት ውኃ የምትቀዳበት ቦታ ድረስ ሊደርስ ይችላል።

እኛ ይህን ስንጽፍ ደጋግሞ ትዝ ያለን ግን ያ ሻንጣ ተሸካሚ ነው። ሒልተን ራሱ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ጀመረ፤ ሲወድቅ ያነሳውም ሻንጣ ተሸካሚ ነው። ያ ሰው 300 ዶላሩን ሲያወጣ ስንት ነጥብ እንደሚያገኝበት አላሰላም።

ስልካችሁ ላይ ማይልም ነጥብም ካለ ዛሬውኑ ግቡና የሚቃጠልበትን ቀን እዩ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዝም ከተባሉ ጊዜያቸው ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ስልኩን አስቀምጡና፣ በክፉ ቀን ኪሱን የከፈተላችሁን ሰው አስቡ። ለእሱ ብትደውሉለት ደስ ይለናል።