ኮሊን ሙርና የጠፉት ፊልሞቿ

ድምፅ አልባው የፍቅር ኮሜዲ ሲነሣ ከማይዘነጉት ተዋንያት አንዷ ኮሊን ሙር ናት። በሚሺጋን፣ በፖርት ሂውረን ከተማ የተወለደችው ካትሊን ሞሪሰን በዚህ ስም ሆሊውድ ገብታ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 በ«ፍሌሚንግ ዩዝ» ገናና ሆነች። ግንባሯን የሸፈነው አጭር ጥቁር ጸጉሯም የዘመኑ ልጃገረዶች መለያ ሆነ። በ1926 በ«ኤላ ሲንደርስ»፣ ትወናን ከመጽሐፍ ስታጠና አንደኛው ዓይኗ ቀጥ ብሎ ሌላው ለብቻው ሲንከራተት ያየ ሁሉ ይስቃል።

ያሠራችው የአሻንጉሊት ቤተ መንግሥት ከ1949 ጀምሮ በቺካጎ ሙዚየም ለሕዝብ ይታያል። ለሌላ ሙዚየም በአደራ የሰጠቻቸው ፊልሞች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት በጊዜው ካልተገለበጠ የሚበሰብስ ነውና፣ አብዛኞቹ ተበላሽተው ተገኙ። ከ«ፍሌሚንግ ዩዝ» የተረፈው የጥቂት ደቂቃ ቁራጭ ነው።

ኮሊን በ1988 ዐረፈች። በ1929 የሠራችው «ዋይ ቢ ጉድ?» ጠፍቷል ሲባል ቅጂው ኢጣልያ ተገኝቶ፣ በ2014 ታድሶ ለተመልካች በቅቷል። በየሣጥኑ የተቀመጠ አሮጌ ፊልም ለሰብሳቢ ውድ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ አደራ ተቀባዮች የሆንን ባልደረቦችም ሣጥኑን በጊዜው ከፍተን ማየት ይገባናል።