ሦስቱ የአለቃ ገብረ ሐና ቅርሶች

የአለቃ ገብረ ሐናን ስም የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስማቸው በተነሣ ቁጥር አድማጩ ለመሣቅ ይዘጋጃል፤ አውሪውም አንዱን ጨዋታ በሌላው ላይ እየደረበ ያመሻል። ይሁን እንጂ እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን የፈጁት በቀልድ አልነበረም። ባለቅኔ፣ መምህርና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የታወቁትን ጨዋታዎች መድገም አይደለም። አለቃ ከተዉልን ሦስት ዓይነት ሥራዎች መካከል የትኛው ጠፋ፣ የትኛው ተለወጠ፣ የትኛውስ እንደ ተሠራ ጸንቶ ቆየ የሚለውን ጥያቄ ከሕይወታቸው ጋር አያይዞ ለመመልከት ነው። ጥያቄው የሠሩት ነገር ከእነርሱ በኋላ እንዲኖር ለሚመኙ ሁሉ፣ ለእኛም ለመሐንዲሶች ጭምር፣ የሚገባ ጥያቄ ነው።

የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ተነሥቶ፣ በወንዛዬ ፍል ውኃ በኩል አልፎ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። በዚሁ በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባለው ደብር አካባቢ አለቃ ገብረ ሐና በኅዳር ወር 1814 ዓ.ም. እንደ ተወለዱ ይነገራል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ያሉት ነገሥታት በስም ብቻ ዙፋን ላይ ሲቀመጡ፣ የየጁ ራሶች ደብረ ታቦርን መናገሻ አድርገው በጌምድርን ይገዙ ነበር። ጦርነቱ ባይለይም የቤተ ክህነቱ ትምህርት አልተቋረጠም። ወጣቱ ገብረ ሐና በትውልድ ደብራቸው ፊደል ቈጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ እንደ ብዙዎቹ የበጌምድር ተማሪዎች ቅኔ ለመማር ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ሄዱ።

የቅኔ ትምህርት ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ተማሪው አኰፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በራሱ እጅ በቀለሳት ጎጆ እያደረ የግእዝን ሰዋስው ያጠናል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና በሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ በአምስት ቤቱ ዋዜማ፣ በስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ውስጥ ሰምና ወርቁ መለየት፣ ልኩ መጠበቅ፣ ቤቱ መምታት አለበት። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን ደንቡ ነው፤ ባለቅኔ ትናንት ያለውን ዛሬ አይደግምም። ለየበዓሉና ለየሥርዓቱ አዲስ ቅኔ ሊያመጣ ይገባዋል። አለቃ ገብረ ሐና ሕዝብ ያደነቀውን የአነጋገር ፍጥነትና የቃል አዋቂነት ያገኙት ከዚህ ትምህርት ነው። ቀልዳቸው የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አልነበረም፤ በቅኔ ቤት ተስሎ የወጣ መሣሪያ ነበር።

ከጎጃም ሲመለሱ ወደ ጎንደር ገብተው በበአታ ማርያም አገለገሉ፤ አስተማሩም። በፍትሐ ነገሥት ዕውቀታቸውም ስማቸው ይጠራ ነበር። ዕድሜያቸው ረጅም በመሆኑ የመሳፍንቱን ፍጻሜ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን፣ የዐፄ ዮሐንስንና የዐፄ ምኒልክን ዘመን አይተዋል። ያቺ የተማሩባትና ያስተማሩባት ከተማ በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በደርቡሾች እጅ ስትዘረፍና ስትቃጠል የኖሩበት ዘመን ነው። መጽሐፍ በእሳት በሚያልቅበት በዚያን ጊዜ ከመጥፋት የሚተርፈው በሰው አእምሮ የተቀረጸው ዕውቀት ነበር።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ቅርሶች እንመለስ። የመጀመሪያው ቅኔያቸው ነው። አለቃ በቆሙበት ማሕሌት ሁሉ ቅኔ እየተቀኙ ብዙ ዓመታት የኖሩ ሊቅ ናቸው። ነገር ግን ቅኔ በተፈጥሮው የዕለት ፍሬ ነው። ተናጋሪው ይለዋል፤ መሪጌታው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ አዋቂው ይደሰታል፤ ከዚያ ሥርዓቱ ይፈጸማል። አጠገብ ያለ ተማሪ በቃሉ ካልያዘው ወይም በብራና ካላሰፈረው በስተቀር ከዕጣኑ ጢስ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከአለቃም ቅኔዎች በቃል ተይዘው የቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው።

ሁለተኛው ቅርስ ጨዋታቸው ነው። አለቃ ወደ ሸዋ ወርደው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዘንድ በቀረቡ ጊዜ ዝናቸው ከሊቃውንቱ ክበብ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ገባ። ከንጉሡ፣ ከእቴጌ ጣይቱ፣ ከመኳንንቱ፣ ከባለቤታቸውና ከመንገደኛው ጋር የተለዋወጡት ቃል ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። ይህ ቅርስ አልጠፋም። እንዲያውም ከልክ በላይ በዛ። ጠባቂ ስላልነበረው ማንም የወደደውን ጨመረበት። ሌላ ሰው የተናገረው ለአለቃ ተሰጠ፤ በእርሳቸው ዘመን ያልነበረ ነገር በእርሳቸው ስም ተወራ። ብልግናውም፣ ስድቡም፣ ሴቶችን ማዋረዱም በእርሳቸው ላይ ተለጠፈ። ይህ ዕጣ በአለቃ ብቻ የደረሰ አይደለም። በባግዳድ የነበረው ታላቁ የዐረብኛ ባለቅኔ አቡ ኑዋስ ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በምሥራቅ አፍሪቃ የስዋሂሊ ተረቶች ውስጥ አቡኑዋሲ ተብሎ ተንኰለኛ ቀልደኛ ሆኖ ቀርቷል። ተረቱን የሚያወራው ሕፃን ሰውየው ባለቅኔ እንደ ነበረ አያውቅም። ሣቅ ስምን ያቆያል፤ ባለ ስሙን ግን ሊሸፍን ይችላል።

ሦስተኛው ቅርስ የተክሌ አቋቋም ነው። አቋቋም ካህናቱ በማሕሌት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ፣ ድምፅን ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የሚያስማሙበት ሥርዓት ነው። በጎንደር የቆየው ስልት ረጋ ያለ ነው። አለቃ ገብረ ሐና ግን ሰውነት ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ማዕበል የሚዋዥቅበትን፣ መቋሚያውም ከዜማው ጋር የሚወዛወዝበትን አዲስ ስልት አወጡ። እንደሚተረከው ሐሳቡ የመጣላቸው በጣና ላይ ሳሉ፣ በሬማ መድኃኔ ዓለም ደሴት አካባቢ፣ የውኃውን መናወጥና የታንኳውን መወዛወዝ ሲመለከቱ ነው። ለጣና ዳር ልጅ ይህ እንግዳ ትዕይንት አልነበረም። ሌላው ሁሉ ሲያየው የኖረውን ነገር እርሳቸው ሥርዓት አድርገው መቀመራቸው ግን የሊቅነታቸው ምስክር ነው።

የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ወዲያው አልተቀበሉትም። አያስደንቅም፤ ከአባቶች የተረከቡትን ሳይበርዙ ማስተላለፍ ሥራቸው ነውና። አለቃም በክርክር ሊያሸንፏቸው አልደከሙም። ስልቱን ከነሙሉ ሥርዓቱ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ልጁም ተቀብሎ ለሌሎች አስተላለፈው፤ አቋቋሙም በፈጣሪው ሳይሆን በአስተላላፊው ስም ተጠራ። ከጊዜ በኋላ ደብረ ታቦር የዚህ ስልት ማእከል ሆነች። የድጓ ተማሪ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥእት ተማሪ ዙር አምባ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የተክሌ አቋቋም ተማሪም ወደ ደብረ ታቦር ይመጣል። በመምህሩ ፊት ቆሞ፣ ተፈትኖ፣ የጎደለው ታርሞለት፣ ሲበቃ ብቻ አስመስክሮ ይወጣል። አንድ እርምጃ ቢያዛንፍ የሚያርመው አለ። በዚህ ምክንያት ባንድ ወቅት እንግዳ የተባለው ስልት ዛሬ በአገሪቱ ብዙ አድባራት በጥምቀትና በሌሎች ታላላቅ በዓላት ይታያል።

ለእኛ ለሙያው ሰዎች የሚጠቅም ንጽጽር እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ ይገኛል፤ ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ሰዎችን በዚያ አስፍረው፣ ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ አድርገው፣ ሴባስቶፖልን አስፈሰሱ። መድፉ በብዙ ሕዝብ ጕልበት እየተጐተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። ብረቱ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ የማፍሰሱን ጥበብ ተረክቦ ለተከታዩ ትውልድ ያስተላለፈ ጉባኤ ግን አልተገኘም። በአንጻሩ የአለቃ ሥራ ብረት አልነበረውም፣ ንድፍ አልነበረውም፣ የንጉሥ ግምጃ ቤትም አልደገፈውም። የነበረው መምህር፣ ደቀ መዝሙርና ፈታኝ ብቻ ነው። እርሱ ቆየ።

አለቃ ገብረ ሐና በ1890ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ገደማ በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ሕዝቡ በሣቅ ያስታውሳቸዋል፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያቸው እንቅስቃሴ ያስታውሷቸዋል። የመጀመሪያው መታሰቢያ ደስ ያሰኛል፤ ሁለተኛው ግን ትክክለኛው ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ልምድ ያካበቱ ባልደረቦች ጡረታ ሲወጡ የምናወራው ጨዋታቸውን ብቻ ከሆነ፣ ሥራቸው እንደ ቅኔው በዕለቱ አልቋል ማለት ነው። አጠገባቸው አንድ ተክሌ አስቀምጠን፣ የተማረውንም የሚፈትን መድበን ከሆነ ግን ሥራቸው ከእነርሱ ዕድሜ ያልፋል።