ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ፦ ጦሩን ይዞ የተመለሰው አሚር

በየረመዷኑ ከተራዊሕ በኋላ ወጣቶች ስለ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ይጠይቁኛል። መስማት የሚወዱት ስላሸነፈባቸው ጦርነቶች ነው። እኔ ግን የፈረሰኛ አዛዥነቱን የምመዝነው ጦሩን ይዞ ወደ ኋላ ባፈገፈገባት በሙእታ ነው።

ኻሊድ ከቁረይሽ የበኒ መኽዙም ጎሳ ነው። የቁረይሽን ፈረሰኞች መምራት የዚህ ጎሳ ድርሻ ነበር። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ፣ ገና ሳይሰልም፣ ፈረሰኞቹን ይዞ ታግሶ ጠበቀ። ቀስተኞቹ ምርኮ ለመሰብሰብ ከኮረብታው ሲወርዱ አየና ዞሮ ከኋላ መጣ። ሙስሊሞች በዚያ ቀን የደረሰባቸው የታወቀ ነው።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና መጥቶ ሰለመ። ጥቂት ወራት እንደቆየ ዛሬ ዮርዳኖስ በሚባለው አገር ወደምትገኘው ሙእታ ከዘመቱት 3,000 ሰዎች ጋር ያለ ሹመት ሄደ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት አሚሮችን በተራ ሰይመው ነበር፦ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳን፣ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብንና ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓን። ጀዕፈርን እኛ ሐበሾች እናውቀዋለን፤ በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ስደተኞቹ የተናገረው እርሱ ነው። የገጠማቸው የሮማውያንና የተባባሪዎቻቸው ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጣቸው ነበር። ሦስቱም አሚሮች ሸሂድ ሆኑ። ሰዎቹ ባንዲራውን ለኻሊድ ሰጡት።

በዚያ ቀን ዘጠኝ ሠይፍ በእጁ ተሰበረ። ሌሊቱን የቀኙን ክንፍ ወደ ግራ፣ የኋላውን ወደ ፊት እንዳዛወረ ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ሲነጋ ጠላት ትናንት ያላየውን ፊት ሲያይ እርዳታ የደረሰላቸው መሰለው። ኻሊድም እየተዋጋ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሳበ፤ ጠላት ወጥመድ ፈርቶ አልተከተለውም። ፈረስን ወደ ፊት ማስጋለብ ብዙዎች ይችሉበታል፤ የደከመና አሚሮቹን ያጣ ጦር ሳይበተን ይዞ መመለስ ግን የጥቂቶች ነው።

መዲና ሲደርሱ ሰዎች አፈር እየበተኑባቸው ፈርጣጮች ብለው ሰደቧቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስድቡን አልተቀበሉም፤ የተመለሱት ዳግም ሊገጥሙ መሆኑን ነገሯቸው። የአላህ ሠይፍ የተባለውም በሙእታ ምክንያት ነው።

ስህተትም አለበት። በዚያው ዓመት በረመዷን መካ ስትከፈት አንዱን ጦር መርቶ ገባ። በሸዋል ወደ በኒ ጀዚማ ሲላክ ግን እጃቸውን የሰጡ ሰዎችን አስገደለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በድርጊቱ እጃቸው እንደሌለበት ለአላህ አሳወቁ፤ ዐሊን (ረ.ዐ) ልከውም የደም ካሳ ከፈሉ። ለልጆቻችን ስንተርክ ይህን እንዘለዋለን። መዝለል የሚገባን አይመስለኝም።

በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ ውሃ በሌለው በረሃ አቋርጦ ከኢራቅ ሻም ደረሰ። በመንገድ ላይ አስቀድመው ጠጥተው የጠገቡ ግመሎችን እያረዱ ከሆዳቸው የወጣውን ውሃ ለፈረሶቹ እንዳጠጡ ይተረካል። በየርሙክም በ636 እ.ኤ.አ. ፈረሰኞቹን ሰብስቦ ይዞ የተጨነቀው ክንፍ ጋ እየደረሰ ተዋጋ። በዚያ ጊዜ ግን ዋናው አዛዥ እርሱ አልነበረም። ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሲሆን፣ ሰዎች ድሉን ከአላህ ሳይሆን ከኻሊድ እንዳይጠብቁ ፈርቶ፣ አቡ ዑበይዳን በቦታው ሾመ። ኻሊድ ባንዲራውን አስረክቦ በአቡ ዑበይዳ ሥር መዋጋቱን ቀጠለ።

በ21ኛው ዓመተ ሂጅራ ሰውነቱ በጦርና በሠይፍ ጠባሳ እንደተሞላ በፍራሹ ላይ ሞተ። ይህን ሁሉ ምርኮ ካየ ሰው ቤት የተገኘው ውርስ አንድ ፈረስ፣ አንድ አገልጋይና የጦር መሣሪያው ነበር።